ሾንብሩን ቤተ መንግሥትና የማታ ኮንሰርት በአንድ ቀን (ቪየና)፦ ከደሴ የብር ጌጥ ነጋዴ ሪቪው

ከመጀመሪያው ፍርዴን ልናገርና የቸኮለ ይሂድ። ቪየና የመግባት እድል ካገኛችሁ የሾንብሩንን ቤተ መንግሥት ጉብኝትና እዛው ግቢ ውስጥ ያለውን የማታ ክላሲካል ኮንሰርት በአንድ ቀን አድርጉት፣ ግን ጉብኝቱ ይቅደም ኮንሰርቱ ይከተል። ኮንሰርቱን ለብቻው ብትሄዱበት ደስ የሚል የቱሪስት ምሽት ነው፣ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ቤተ መንግሥቱ ለብቻው አራት ተኩል። በቅደም ተከተሉ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሙሉ አምስት ነው፣ ለምን እንደሆነ እስኪ ጀባ ልበላችሁ፣ ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ያዙ ረዘም ይላል።

ይሄን የምጽፈው ደሴ ፒያሳ ሱቄ ቁጭ ብዬ ነው፣ ጭጋጉ የጦሳን ተራራ ሙሉ በሙሉ ውጦታል፣ ደንበኛም የለም። ከተመለስኩ ጀምሮ ያገኘኝ ሰው ሁሉ "እንዴት ነበር ኦስትሪያ?" ይላል፣ ለሁሉም በየተራ ከመመለስ አንዴ ጽፌ ሊንኩን መላክ ይሻላል። የብር ጌጥ ነው የምሸጠው፣ መስቀል፣ ድሪ፣ አምባር፣ አልቦ፣ አሮጌ ብርም እገዛለሁ፣ ስለዚ ጽሑፉ ውስጥ ነገሬ ሁሉ ወደ ብር ሲያዘነብል ካያችሁ ሙያዬ ነው ታገሱኝ። እዛ የሄድኩት እህቴ ስለምትኖር በሷ ግብዣ ነው፣ የቪዛውን ጣጣ አሁን አላነሳውም እሱ ራሱን የቻለ ልቅሶ ነው፣ ጉዞው ግን ቀላል ነው፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ከዛ ቀጥታ በረራ ቪየና። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ እንዳትደባልቁት።

ቤቱ የማን ነው መሰላችሁ? ኦስትሪያን የገዙት የሃብስበርግ ነገሥታት የበጋ (የሙቀት ወራት) ቤት ነው። ቦታውን የያዙት በ1569 ነው፣ የመጀመሪያውን ቤት በ1683 ቱርኮች ቪየናን ሲከቡ አወደሙት፣ ከ1696 ጀምሮ እንደገና መሠራት ጀመረ፣ የዛሬውን መልክ ያሲያዘችው ግን ከ1740ዎቹ ጀምሮ ማርያ ቴሬዛ ናት። አዎ እሷው ራሷ! ማርትሬዛ! ጠገራ ብር ላይ ያለችው ደረተ ሰፊዋ ሴትዮ! እኔ በሕይወቴ ከእናቴ ቀጥሎ ፊቷን ብዙ ያየሁት ሴት እሷ ሳትሆን አትቀርም፣ ወላሂ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ጠገራ ሊገዛ ሲል ፊቷን አያይም፣ መጀመሪያ ጣቱን የሚያሳርፈው ትከሻዋ ላይ ያለችው ጌጥ ላይ ነው፣ የጌጧ ሉሎች በጣት ጫፍ ለቀም ለቀም ካላሉ "ይሄ ፎርጅድ ነው ውሰድልኝ" ይላል፣ ከዛ ነው ገልብጦ ንስሩን የሚያየው፣ ከዛ ነው ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠው፣ ከ28 ግራም እጅግ ከወረደ ተፍቋል ማለት ነው። ከክብደቱ 83 ከመቶ ገደማው ንጹህ ብር ነው። ሁሉም ላይ 1780 የሚል አለ፣ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ከዛ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። እኛ ጋ እስከ 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ እስኪወጣ በሬውም በቅሎውም የሚሸጠው በሱ ነበር፣ ከዛ በኋላ እየቀለጠ መስቀል ሆነ ድሪ ሆነ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ አይቶታል። እንግዲህ እዛች ሴትዮ ሳሎን ውስጥ ልገባ ነው ማለት ነው፣ እህቴ "ሙዚየም ነው፣ ይሰለችህ ይሆን?" ስትለኝ ሳቄ መጣ።

ወደ ጉብኝቱ። ቤቱ 1,441 ክፍል አለው፣ ለጎብኚ የሚከፈተው ግን ወደ 40 ነው። አጠር ያለና ረዘም ያለ ጉብኝት አለ፣ እዛ ድረስ ሄዳችሁ ለትንሽ ዩሮ ብላችሁ አጭሩን አትውሰዱ፣ ረጅሙን ውሰዱ። ቲኬቱ ላይ የመግቢያ ሰዓት ተጽፎበታል፣ በሰዓቱ መገኘት ነው። ጆሮ ላይ የሚያዝ ማብራሪያ ይሰጣችኋል፣ በብዙ ቋንቋ አለ፣ አማርኛ የለውም፣ እኔ በእንግሊዝኛው ተወጣሁት፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው አብሽሩ።

የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ ናቸው። ሰውየው 68 ዓመት ነግሧል፣ በ1830 እዛው ቤት ተወልዶ በ1916 እዛው ቤት ሞተ። መኝታ ቤቱ ስትገቡ ወርቅ በወርቅ ነው የምትጠብቁት፣ ያለው ግን ቀጭን የብረት አልጋ ነው፣ የአዳሪ ተማሪ አልጋ በሉት፣ ያን ሁሉ አገር የሚገዛ ሰው እዛ ላይ ተኝቶ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስቶ ወረቀት ሊፈርም ይሄድ ነበር። የሞተው ኖቬምበር 21 ቀን 1916 ነው፣ ስልኬ ላይ ወደኛ ስቀይረው ኅዳር 12 ቀን 1909 ዓ.ም. መጣልኝ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት! የደሴ ሰው 1909 ሲባል ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ሰገሌ ነው፣ ጥቅምት 17። የልጅ እያሱ አባት፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ጦርነት ላይ ተሸንፎ ከተማረከ ወር ሳይሞላ ማለት ነው እኚህ ሽማግሌ እዚህ አልጋ ላይ ያረፉት። ልጅ እያሱን ደግሞ ከዙፋን ሲያወርዱት አንዱ ክስ ከነቱርክና ጀርመን ጋር ወገነ የሚል አልነበር? የፍራንዝ ዮሴፍ ጎራ እኮ ነው! የወሎን ቤት ያናወጠው ጦርነት አንዱ ጫፍ እዚህ ክፍል ነበር። ከኋላዬ የመጡት ቱሪስቶች አልጋውን ፎቶ የማንሳት ያህል አይተው አለፉ፣ እኔ ቆሜ ቀረሁ፣ እህቴ መጥታ በክንዴ ጎተተችኝ።

ከዛ የሚስቱ የንግሥት ኤልሳቤጥ (ሲሲ የሚሏት) ክፍሎች አሉ፣ ቪየና ውስጥ ፊቷ ያልተለጠፈበት ቸኮሌት የለም፣ እኔን ብዙም አልያዙኝም አለፍኳቸው።

የመስታወቱ ክፍል ጋ ግን ቀስ በሉ። ትልቅ ክፍል አይደለም፣ ነጭና ወርቃማ ነው፣ መስታወቶቹ ፊት ለፊት ስለሆኑ አንዱ በአንዱ ውስጥ እየገባ መጨረሻ የለውም። የሙዚቃ ደራሲው ሞዛርት በ1762 የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ለማርያ ቴሬዛ የተጫወተው እዚህ ወይ አጠገቡ ካሉት ክፍሎች በአንዱ ነው። አባቱ በደብዳቤ የጻፈው አለ፣ ልጁ ተጫውቶ ሲጨርስ ዘሎ ንግሥቲቱ ጭን ላይ ወጣና አንገቷን አቅፎ ሳማት። ይሄን ክፍል ያየ ሰው ማታ ኮንሰርቱ ላይ የመጀመሪያው ቫዮሊን ሲነሳ በጭንቅላቱ የሚይዘው ነገር አለው፣ ያላየ ሰው ግን የሚያየው ዊግ የለበሰ ፖስተር ነው። ጉብኝቱ ይቅደም የምለው በዋናነት ለዚች ክፍል ነው።

ትልቁ አዳራሽ (ግራንድ ጋለሪ የሚሉት) ርዝመቱ ከ40 ሜትር በላይ ወርዱ ወደ 10 ሜትር ነው፣ ጣሪያው ሙሉ ሥዕል ነው፣ የተንጠለጠሉት ትላልቅ የመብራት ዘውዶች ብረት መስለውኝ ነበር፣ እንጨት ተፈልፍሎ በወርቅ የተቀባ ነው፣ ያኔ በያንዳንዳቸው ላይ 70 ሻማ ይሰካባቸው ነበር። በ1961 የአሜሪካው ኬኔዲና የሶቪየቱ ክሩሽቼቭ የተገናኙት ጊዜ እዚህ ነው የተጋበዙት። እኔ ግን ወዲያው የደሴው የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ፣ አይጠየፍ ነው የመጣብኝ፣ እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉም ክፍል አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ጥቁሩን ክፍል ነው የምመርጠው። ባሏ በ1765 በድንገት ሲሞትባት ማርያ ቴሬዛ ለሱ መታሰቢያ ያሠራችው ነው፣ ግድግዳው የቻይና ጥቁር ላከር (የሚያብረቀርቅ ቅብ) ነው፣ በጥቁሩ ላይ በወርቅ መልክ የተሳሉ ጥቃቅን ተራሮች፣ ወፎች፣ ድልድዮች አሉ፣ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ የአንዱ ወፍ ላባ እንኳን በቀጭን መስመር ለብቻ ተነጥሏል፣ አንጥረኛ ነኝና እጁን አደነቅኩለት፣ ያቺን መስመር በብር ላይ ለማውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅ እኔ ነኝ የማውቀው። ሴትዮዋ ከዛ ቀን በኋላ እስክትሞት የሐዘን ልብስ አልፈታችም። ለዛ ነው ጠገራው ላይ ፀጉሯን ሸፍና የምናያት፣ ያ ሻሽ የባልቴት ሻሽ ነው። ልጅ ሆኜ ጀምሮ ስቆጥራት የኖርኳት ሴት ሐዘንተኛ መሆኗን ያወቅኩት እዛ ቆሜ ነው። አሥራ ስድስት ልጅ ወልዳለች በነገራችን ላይ፣ አንዷ ፈረንሳይ ተድራ አንገቷን የተቆረጠችው ማሪ አንቷኔት ናት።

አጠገቡ የናፖሊዮን ክፍል አለ፣ በ1805ና በ1809 ቪየናን ሲይዝ እዚህ ቤት ነው የተቀመጠው፣ በኋላ ልጁ እዛው አድጎ በ21 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፣ ልጁ ያሳድጋት የነበረች ወፍ ደርቃ በመስታወት ውስጥ ተቀምጣለች። ትንሽዬ አመድማ ወፍ። ያን ሁሉ ወርቅ አይቶ የወጣ ሰው ስለ ወፏ ነው የሚያወራው፣ እህቴም እንደዛ።

አሁን ወደ ተግባራዊው ነገር። ጉብኝቱ አመሻሽ ላይ ይዘጋል፣ ኮንሰርቱ የሚጀምረው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ በመሃል ባዶ ሰዓት አለ። ስለዚ ጉብኝቱን ጠዋት አትቅጠሩት፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ብትገቡ ጥሩ ነው። በመሃሉ መናፈሻው በነጻ ነው፣ ከቤቱ ጀርባ ኮረብታ አለ፣ ላዩ ላይ በ1775 የተሠራ ግሎሪየት የሚሉት ቅስት ቅስት ያለው ሕንፃ አለ፣ እዛ ወጥታችሁ ቁጭ በሉ፣ ቪየና ከነቤተ መንግሥቱ ከእግራችሁ ሥር ነው። ፈረንጆቹ እያለከለኩ ነበር የሚወጡት፣ ከሐረጎ ዳገት ጋር ላደገ ሰው ምንም ማለት አይደለም። (የነሱ ክረምት፣ የብርዱ ወቅት ከሆነ መናፈሻው ሲመሽ ስለሚዘጋ ቶሎ ውረዱ።)

ምግብ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከእራት ጋር የተጣመረ ፓኬጅ አለ፣ እራት ጉብኝት ኮንሰርት ሁሉንም በአንድ ቲኬት። ለኛ ሰው አልመክረውም። ጾም ከሆነ ቅቤና ክሬም የሌለበት ነገር ማስረዳት ፈተና ነው፣ ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ የስጋው ነገር ያሳስባችኋል፣ አሳማ ለነሱ የዕለት ምግብ ነው። እኛ ጋ አብረውን የነበሩት የእህቴ ጎረቤት እትዬ የኮምቦልቻ ሴት ናቸው፣ ሃያ ምናምን ዓመት እዛ የኖሩ፣ አምባሻና በሶ በፌስታል ይዘው መጡ፣ ግሎሪየት ሥር ሣሩ ላይ ዘርግተን በላን። "የንጉሥ ቤት ደጅ ላይ ተርቦ የሚሄድ የወሎ ሰው አለ እንዴ፣ ብላ እንጂ ልጄ" እያሉ ነው የሚያጎርሱኝ፣ አላፊ አግዳሚው ያየናል፣ ይየን።

የምታዝኑበትን ነገር አሁን ልንገራችሁ። ቲኬት የሚሸጥ ደላላ ድረ ገጽ ብዙ ነው፣ እኛ ከአንዱ ነው የገዛነው ስሙን አልጠራም፣ የለጠፈው ፎቶ የትልቁ አዳራሽ ፎቶ ነው፣ ከሥሩ "ሞዛርት በተጫወተበት ቤተ መንግሥት ኮንሰርት" ይላል፣ የሚያነበው ሰው ኮንሰርቱ እዛ ወርቁ አዳራሽ ውስጥ ነው ብሎ ነው የሚከፍለው። እውነቱ ኮንሰርቱ ያለው በግቢው ጎን ያለው ኦራንጀሪ ውስጥ ነው፣ ሌላ ሕንፃ ነው። በላዩ ላይ የራሱን ኮሚሽን ጨምሮበታል፣ እህቴ ማታ ቤት ገብታ ስታነጻጽር ከቀጥታው ዋጋ በልጦ ተገኘ፣ ቅር አላት። ስለዚ ቀጥታ ከአዘጋጁ ግዙ፣ የጥምር ቲኬቱንም ለየብቻ ከመግዛት ጋር ደምራችሁ አነጻጽሩ፣ ጥምር ስለተባለ ብቻ አይረክስም፣ ዋጋው እንደ ወቅቱና እንደ ወንበሩ ይለያያል።

ኦራንጀሪው ግን በራሱ የሚናቅ አይደለም፣ እንደውም ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ከወርቁ አዳራሽ አያንስም። የብርቱካንና የሎሚ ዛፎች ክረምቱን ከብርድ የሚያሳልፉበት ቤት ነው፣ ርዝመቱ ወደ 190 ሜትር ወርዱ 10 ሜትር፣ ከወለሉ ሥር ሙቀት እያሳለፉ ያሞቁት ነበር። የማርያ ቴሬዛ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1786 እዛ ግብዣ አደረገ፣ ውጭው በረዶ ውስጡ አበባ፣ ከምሳው በኋላ በአንዱ ጫፍ የሞዛርትን አጭር የሙዚቃ ቴአትር በሌላው ጫፍ የሌላውን የሙዚቃ ደራሲ የሳሊየሪን አሳየ፣ እንግዳው ወንበሩን አዙሮ ከአንዱ ወደ ሌላው። እኛ አገር ሁለት አዝማሪ ፊት ለፊት አቁሞ ማወዳደር ያለ ነገር ነው፣ ንጉሡ ጨዋታ አዋቂ ነበር ማለት ነው።

ኮንሰርቱ ራሱ ሁለት ክፍል ነው፣ መጀመሪያ ሞዛርት፣ ከእረፍት በኋላ የቪየናው የዋልትዝ ደራሲ ሽትራውስ። ትልቅ ኦርኬስትራ አትጠብቁ፣ አነስ ያለ ቡድን ነው፣ በመሃል በመሃል አንድ ሴት አንድ ወንድ ዘፋኝ ከኦፔራ ቁራጭ ይዘፍናሉ፣ ሁለት የባሌት ዳንሰኞችም ገባ ወጣ ይላሉ። ሁሉም ነገር ቁርጥራጭ ነው፣ አንድ ሙሉ ሥራ ከዳር እስከ ዳር አይሰማም፣ የታወቀ የታወቀው ተመርጦ ነው የሚቀርበው፣ የስልክ መጥሪያ ላይ የሰማችሁት ሁሉ እዛ አለ። ክላሲካል አዋቂ ነኝ የሚል ሰው አፍንጫውን ሊነፋ ይችላል፣ እኔ ግን አዋቂ አይደለሁም፣ ለጀማሪ ይሄ አቀራረብ ትክክል ነው ባይ ነኝ፣ ሰውን ለመጀመሪያ ቀን የሁለት ሰዓት ሲምፎኒ ውስጥ ብትወረውረው ይተኛል።

ጆሮዬ ምን ሰማ? እኛ አምስት ድምፅ ባላቸው ቅኝቶች ነው ያደግነው፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ እንደውም ስማቸው የኛው ሰፈር ነው። እነሱ ደግሞ በሰባቱም ይሄዳሉ። ስለዚ አንዷ ዘፋኝ ቀስ ያለ ዜማ ስትጀምር "ባቲ ልትገባ ነው" እላለሁ፣ ልትገባ ትልና አንዲት ድምፅ ትጨምርና ትታጠፋለች፣ እንደገና "አሁንስ ገባች" እላለሁ፣ አሁንም ታመልጣለች፣ እንደዚ እያሳደድኳት ዜማው አለቀ። ድምጿ ያለ ማይክ ነው ግድግዳውን የሚመታው፣ ያንን አከብራለሁ፣ እኛ ጋ ሠርግ ላይ አምስት ስፒከር ተደርድሮ እንኳን ግጥሙ አይሰማም። የሞዛርት "የምሽት ሙዚቃ" የሚባለው የ1787 ሥራ በሕይወት ባሉ እጆች ሲመታ ከስልኩ ፍጹም የተለየ ነው፣ ቫዮሊኖቹ አንድ ላይ ቀስት ሲያነሱ የትንፋሻቸው ድምፅ ይሰማል፣ ከመጀመሪያው ኖታ በፊት የሚመጣውን ያን "ህፍ" የሚል ትንፋሽ ነው ይዤ የመጣሁት።

ማጨብጨብ ላይ አንድ ምክር፣ በአንድ ሥራ ውስጥ ቆም ሲሉ ያለቀ ይመስላል፣ አላለቀም፣ ሌላው ሲያጨበጭብ አጨብጭቡ። እልልታ ደግሞ እንዳታስቡት፣ እትዬ ሽትራውስ ላይ ሊያመልጣቸው ሲል አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ነው የተረፉት። ግንባር ላይ ብር መለጠፍም የለም ማለት አያስፈልገኝም። መጨረሻ ላይ ግን የራዴትስኪ ማርሽ የሚባል አለ፣ የሽትራውስ አባት በ1848 የሠራው የወታደር ማርሽ ነው፣ እሱ ላይ ማጨብጨብ ይፈቀዳል፣ መሪው ወደ ሕዝቡ ዞሮ "አሁን ቀስ፣ አሁን ጠንከር" እያለ በእጁ ያስጨበጭባል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በዝምታ የተቀመጠው ፈረንጅ ሁሉ ያኔ ተፈታ! የወሎ ጭብጨባ የለመደ እጅ ግን ምቱ ቀላል ይሆንበታል፣ እኛ በመሃሉ ደርበን ስናጨበጭብ ፊት ለፊታችን ያለ ጎልማሳ ዞሮ ሳቀ።

እንግዲህ ወደ አይጠየፍ። እዛ ቁጭ ብዬ ሳስብ የነበረው ይሄን ነው፣ አልዋሽም። አዳራሽ አለን፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠራው፣ ቆሞ ያለ። ሙዚቃ ደግሞ የዓለም ሰው ስኬሉን ሊያጠና በስሙ የሚጠራው እዚሁ አምባሰልና ባቲ አለን፣ የላሊበላ ኪነት የሚባለው የወሎ የሙዚቃ ቡድን ያፈራቸውን ድምፃውያን የሰማ ትውልድ አሁንም ደሴ ውስጥ አለ። የደሴ ሙዚየማችን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፎ ብዙ ነገር አጥቷል፣ እሱን አውቃለሁ ያማል። ግን ኮንሰርት ዕቃ አይፈልግም። ከሰዓት በኋላ እንግዳውን አይጠየፍን አስጎብኝቶ፣ ሰገሌን ነግሮ፣ ማታ እዛው ውስጥ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ክራር፣ አንድ ዋሽንት ያለ ስፒከር፣ አራቱንም ቅኝት በየተራ፣ ቲኬት ቆርጦ ማስገባት። ኦራንጀሪው እኮ የሎሚ ዛፍ ማሳደሪያ ነው፣ አዳራሽ እንኳን ሆኖ አልተሠራም! ላሊበላ ሊሄድ በደሴ የሚያልፈው ቱሪስት አንድ ሌሊት ነው እኛ ጋ የሚያድረው፣ ያን ሌሊት ሆቴል ውስጥ ቴሌቪዥን እያየ ነው የሚያሳልፈው። እኔ አንድ ነጋዴ ነኝ፣ ወንበርና ሻማ ከተባለ ግን አዋጣለሁ፣ ባለሙያ ካለ ሱቄ ይምጣ እንነጋገር።

ወንበርን በተመለከተ፣ አዳራሹ ጠባብና ረጅም ወለሉም ዝርግ ስለሆነ ከኋላ ያለ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ሰው ጭንቅላት ነው፣ ድምፁ ግን ይደርሳል። ውዱን ቪአይፒ መግዛት ግዴታ አይደለም፣ መካከለኛውን ምድብ ያዙና ቀደም ብላችሁ ግቡ፣ ከመንገዱ ዳር የሆነ ወንበር ካለ ዳንሰኞቹን ለማየት ይመቻል። አለባበስ ጨዋ ይሁን እንጂ ሱፍ አይጠየቅም፣ ጂንስ የለበሰም ነበር፣ እትዬ ያገር ልብስ ለብሰው ከሁሉ በላይ የደመቁት እሳቸው ነበሩ፣ ሁለት ጃፓናውያን ፎቶ ለመኗቸው። ካፖርት ማስቀመጫ አለ። ሲያልቅ ወደ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል፣ ዩ-4 የሚባለው ባቡር ጣቢያው ስሙም ሾንብሩን ነው በእግር ቅርብ ነው፣ ባቡሩ እስከ እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሚሠራ ታክሲ ምናምን አያስፈልግም።

ይሄ የማይሆናቸው ሰዎችም አሉ። ትንንሽ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ኮንሰርቱን ተዉት፣ በዛ ሰዓት እንቅልፋቸው ይመጣል፣ ግቢው ውስጥ በ1752 የተከፈተ መካነ እንስሳት አለ እሱን አሳይታችሁ ወደ ቤት። ሙዚቃውን የምር የምትወዱና ቁርጥራጭ የማይበቃችሁ ደግሞ ሾንብሩንን በቀን አይታችሁ ማታ ወደ ከተማው ኦፔራ ቤት ሂዱ፣ የቁም ቦታ ቲኬት የሚባል አለ፣ እየቆማችሁ ሙሉ ኦፔራ ከወንበሩ በረከሰ ዋጋ ነው የምታዩት፣ እህቴ የዕረፍት ቀኗን ጠብቃ እንደዛ ነው የምታየው። ቆማችሁ ሙሉ ማኅሌት የጨረሳችሁ ወይ መንዙማ ላይ ያነጋችሁ ከሆነ እግራችሁ ይችለዋል፣ ምቹ ጫማ ብቻ አድርጉ።